ቀስቃሾች ወደ አናሳው ሲመጡ

በዚህ ዕትም የምናጠናው ፓርቲዎች የሃይማኖት አናሳውን ድምፅ እንዴት እንደሚፈልጉ ነው። በ1999 ቆጠራ ሙስሊሙ ከሀገሪቱ ሕዝብ 34 በመቶ ገደማ ነበር፤ ጋሞ ላይ፣ ይልቁንም ወደ ዶርዜ ሲወጣ፣ ጥቂት ነን።

ይህ ለቀስቃሹ ትልቅ ልዩነት ነው። በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ የተቀረው ድምፅ ወንበር አያመጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ለአናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ይሰጣል፣ ለሃይማኖት ግን የተመደበ የለም። (ሊባኖስ 128 መቀመጫዎቿን ለክርስቲያንና ለሙስሊም እኩል ታካፍላለች፤ የእዚያ ቀስቃሽ ሒሳቡ ሌላ ነው።) እኛን የሚፈልጉን ፉክክሩ ሲቀራረብ ነው። አለበለዚያ የዒድ መልካም ምኞት ይበቃናል።

ከምኞት የሚበልጠው ሥራ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች፣ ከደገፏቸው ክርስቲያኖች ጋር፣ ሰልፍ ወጡ፤ ደርግ ሲመጣ ዒዶቹንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» ተባለ፣ ኮሚቴውም ታሰረ። በ2012 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1207 ለመጅሊሱ ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ፤ ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነበር። ሁሉም ለድምፅ ተደረገ አንልም፣ ጥያቄው ከምርጫው በብዙ ዓመት ይቀድማልና።

የመስጊድና የመቃብር ቦታ ቃል ሲገባልን ግን እጩው ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚወዳደር እንጠይቅ። መሬት የሚሰጠው የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ የፌዴራል ፓርላማ ተመራጭ በእጁ የለም።

ርካሹ ቅስቀሳ ፍርሃት ነው፤ «እነሱ ሊያጠፏችሁ ነው» ይላል። ዶርዜ በተራራው ብዙኃን ነው፤ ቡራዩ ላይ በመስከረም 2011 ጥቃት ሲደርስበት ጥቂት ነበር። በዚያው ሰሞን አርባ ምንጭ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ይህን ያየ ከተማ ውስጥ በፍርሃት የሚቀሰቅስ ሰው ብዙ የሚያተርፍ አይመስለንም።

የምርጫ ሕጉ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቀስቀስን ይከለክላል። ከጁሙዓ በኋላ ማይክ የሚለምን እጩ ቢመጣ በአክብሮት ወደ ውጭ እንሸኘው፤ ጥያቄያችንን እዚያው ውጭ ይዘን እንጠብቀዋለን።