ከጨው ወደ ወተት፦ የሳሊናስ ከተማ

«ፊደሉን ቆጠርን፤ እንግዲህ ምን ያደርግልናል?» ብለው የሚጠይቁን አባቶችና እናቶች አሉ። የዛሬው ንባባችን መልስ ይሆናል ብለን እናስባለን።

በደቡብ አሜሪካ፣ በኢኳዶር አገር፣ አንዲስ በተባሉት ረጃጅም ተራሮች ላይ ሳሊናስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከባሕር ወለል በላይ 3,550 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ብርዷ አጥንት ሰርስሮ ይገባል።

ከከተማዋ አጠገብ ጨዋማ ውሃ ከምድር ይፈልቃል። ሰዎች ውሃውን ቀድተው በትልልቅ ድስት ያፈሉት ነበር፤ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ጨው ይቀራል። በ16ኛው መቶ ዘመን እስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት እንኳ፣ የሌላ አገር ሰዎች በቆሎ፣ ጥጥና በርበሬ ይዘው እየመጡ በጨው ይለውጡ ነበር።

በኋላ ግን ምንጩም መሬቱም በባለመሬት እጅ ገባ። ሕዝቡ እንጨት ተሸክሞ፣ ጭስ ታግሶ ጨው ያወጣል፤ ለባለመሬቱ ይገብራል፤ ማታ ከሣር ጎጆው ይገባል። እንዲህ ከሆነ ድካሙ ምን ዋጋ አለው?

በ1971 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንቶኒዮ ፖሎ የተባሉ ኢጣሊያዊ ቄስ ከወጣት ረዳቶች ጋር መጡ። በ1972 ነዋሪዎቹ የቁጠባና የብድር ማኅበር አቋቋሙ። የአንድ ሰው ሳንቲም ብቻውን ምንም አይሠራም፤ የብዙ ሰው ሳንቲም ሲጠራቀም ግን ለሥራ መነሻ ይሆናል።

ጨው ብቻውን ግን አላዛለቀም። የባሕር ጨው በፀሐይ ስለሚደርቅ ማገዶ አይፈልግም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ላሞቻቸው አዞሩ። ወተት ሩቅ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል፤ አይብ ግን ይቆያል። በ1978 በስዊስ ባለሙያዎች እርዳታ የአይብ ፋብሪካ ተከፈተ። በየመንደሩም ትንንሽ አይብ መሥሪያዎች ተቋቋሙ። ዛሬ የሳሊናስ አይብ በዋናው ከተማ በኪቶ ይሸጣል። ከበግ ሱፍ ክር ይፈተላል፤ ከቆላ ከሚመጣው ካካዎም ቸኮላት ይሠራል።

ነገር ግን ክፍያው በወተት ልክ ስለሆነ፣ አንድ ላም ያለው እንደ ባለ አምስቱ አያገኝም። ስለዚህ ከትርፉ ከፊሉ ለጋራ ሥራ እንዲውል ይደረጋል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ወተቱ ይለካል፤ ሊትሩ ይጻፋል፤ ገበሬው በተጻፈው ይከፈለዋል። ቁጥር ያልለየ ሰው የተጻፈለትን ማመን እንጂ መቆጣጠር አይችልም። ባለመሬት ቢሄድ እንኳ መዝገቡን የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያው ሌላ ጌታ መጣ ማለት ነው። ፊደሉ የሚያደርግልን ይህን ነው።

አዲስ ቃላት
ተነነ፦ ውሃ በሙቀት ወደ እንፋሎት ተለወጠ
መዝገብ፦ ሒሳብ የሚጻፍበት ደብተር

ጥያቄዎች
1. የሳሊናስ ሰዎች ከጨው ወደ ወተት ለምን ዞሩ?
2. አንዲት እናት ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 7 ሊትር ወተት አስረከቡ። በመዝገቡ ድምሩ 12 ተብሎ ተጽፏል። እኚህ እናት ምን ይበሉ? ተወያዩበት።