የብየዳ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ገበሬ ዝም ብሎ ትልቁን በሬ አይገዛም። ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ «ከቤት ካለው በሬ ጋር ይጠመድልኝ ይሆን?» ብሎ ያወጣል ያወርዳል። የብየዳ መሣሪያ ሊገዛ ከተማ የወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ባለሱቁ «ጉልበተኛው ይኸኛው ነው» ካለው ገንዘቡን ቆጥሮ፣ ዕቃውን አሸክሞ ይመለሳል።

አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ አደረገ። በሰፈሩ ጋሪ በተሰበረ ቁጥር፣ የባጃጅ መቀመጫ በተገነጠለ ቁጥር ከተማ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። ብረቱ በሩብ ሰዓት ይበየዳል፤ መንገዱ ግን ቀን ይፈጃል። «ታዲያ እኔ ለምን አልበይድም?» አለና ሁለት ወይፈኖቹን ሸጠ። 300 አምፔር የተጻፈበት ትልቅ መሣሪያ ገዛ። ለሁለት ተሸክመው አስገቡት። ሰክቶ ብየዳ ሲጀምር የቆጣሪው ብሬከር ወደቀ። መለሰው፤ እንደገና ወደቀ። የጎረቤት መብራት ቦግ እልም አለ፤ ጎረቤትም ጮኸ። መሣሪያው ክረምቱን በሙሉ ዶሮ ሲሰፍርበት ከረመ። የተበላሸ ግን አልነበረም። ለዚያ ቤት መብራት የሚሆን አልነበረም እንጂ።

እንግዲህ ጥያቄው ከሱቅ ሳይሆን ከቤት ይጀምራል። የምንበይደው ምንድን ነው? የበርና የመስኮት ላሜራ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የባጃጅም አካል ስስ ቆርቆሮ ነው። ለጋሪ የሚሆነው አንጎላሬ ግን 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ኤሌክትሮድ ቀጭን ነው። ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። 3.2 የሆነው ከ90 እስከ 130 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ በእውነት 160 አምፔር የሚሰጥ መሣሪያ ያለው ሰው የሰፈሩን ሥራ አብዛኛውን ይወጣዋል። ጉልበቱ በዝቶ ዝቅ ማለት የማይችል መሣሪያ ላሜራን ይበሳል እንጂ አይበይድም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መብራት ኃይል ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ይኸንን በቀላሉ ለመመዘን የእንጀራ ምጣድን እናስብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ በ80 አምፔር ሲበይድ ከምጣድ የሚበልጥ ኃይል አይስብም። እንግዲህ የቤቱ መስመር ምጣድ ከቻለ ይኸንን ሥራ ይችላል ማለት ነው። ምጣዱና ብየዳው ግን በአንድ ጊዜ አይሆንም። ማታ ማታ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ የመብራቱ ኃይል ስለሚደክም ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። በቀን መሥራት ይሻላል። መብራት ባልገባበት ሰፈር ለትንሽ መሣሪያ እንኳ 5 ኪሎ ዋት ገደማ የሆነ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ለአምፑልና ለስልክ የተተከለ የፀሐይ ኃይል አይሞከርም።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። በብዛት የምናገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ትራንስፎርመር ነው። በብረት ላይ የተጠመጠመ መዳብ ነው፤ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ቻይ ነው፤ ቢቃጠልም ጠምጣሚ ያድሰዋል። ነገር ግን ብዙ ኃይል ይስባል። ሁለተኛው ከላይ ያነሣነው ኢንቨርተር ነው። ብዙዎቹ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ስለሚመዝኑ በአንድ እጅ ይነሣሉ። እሳቱ የተረጋጋ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል። ጠላቱ አቧራና የብረት ብናኝ ነው። ከተበላሸም የሚጠግነው በቅርብ አይገኝም። እንዲያም ሆኖ በቤት ቆጣሪ ለሚሠራ ሰው ኢንቨርተሩን እመርጥለታለሁ። ከመሬት ከፍ አድርጎ ያስቀምጠው፤ ብረት ሲሞርድ ራቅ ያድርገው። ሽቦ እየመገበ በጋዝ የሚበይድ ሌላ ዓይነት አለ፤ ለስስ የመኪና አካል እሱን የሚያህል የለም። ሆኖም የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ደጅ ላይ ነፋስ ጋዙን ይወስድበታል።

ፊደል መቁጠራችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በመሣሪያው ሽፋን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ገዢ ለመጥሪያ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ እናንብብ። በእንግሊዝኛ ብትጻፍም ቁጥሩን እናውቀዋለን። እንደ ጎጆ ጣራ ወደ ላይ የሾለችው ፊደል ኤ ናት፤ አምፔርን ታመለክታለች። ጣራው ሲገለበጥ ቪ ይሆናል፤ እሱም ቮልት ነው። የመቶኛ ምልክት ያለበትም ቁጥር አለ። 60 ከመቶ ከሚለው አጠገብ 160 አምፔር ቢኖር፣ መሣሪያው በዚያ ጉልበት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ ይሠራል፤ 4 ደቂቃ ያርፋል ማለት ነው። 20 ከመቶ ቢል የሚሠራው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። በሬም ከጥማድ ይፈታል።

የመሣሪያው ዋጋ ብቻውን ዋጋ አይደለም። ቁጥሩ 10 ወይም 11 የሆነ ጥቁር መስተዋት ያለው የፊት መከለያ አብሮ ይገዛ። በየከተማው በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ ወጣቶች እናያለን። የፀሐይ መነጽር የብየዳን ጨረር አያቆምም። ሰውየው በሥራው ላይ ሳለ ምንም አይሰማውም፤ ሌሊት ግን ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ይቆረቁረዋል። ከበው የሚያዩ ልጆችም እንዲሁ ይሆናሉ።

መሣሪያው ቢኖረንም የማንነካው ነገር አለ። የነዳጅ ጋን አይበየድም፤ ባዶው ከሙሉው ይብሳል፤ የቀረው ትነት ይፈነዳል። የመሪና የፍሬን ብረትም ለባለሙያ ይተው። የመኪና ባሌስትራ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ብየዳ የነካው ቦታ ሲቀዘቅዝ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ እሱስ ለአንጥረኛ ተሰጥቶ ማረሻ ቢሆን ይሻላል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲበየድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያንን ጭስ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ቀለሙን ፍቆ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መሥራት ነው። ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ሲበየድ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። የመሬት ቆንጣጩ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዝ፤ ራቅ ካለ ኃይሉ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ይበላዋል።

በመጨረሻ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የብየዳውን ገመድ ጫፍ በቢላ ፋቅ እናድርግ። መዳብ ከሆነ ውስጡም ቀይ ነው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ቀጥሎ ባለሱቁን እንዲህ ማለት ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ሰካውና ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ ሁለቱን አከታትለህ ጨርስልኝ።»

«አባባ፣ አዲስ ዕቃ እኮ ነው፤ ምን ያስሞክረዋል?»

«አዲስ በሬም ቢሆን ሳይጠመድ አልገዛም።»

እምቢ ካለ፣ ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።