ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም አንድ ዓይነት ፋይል ለማውጣት

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉ ሁለት ባለሙያዎች የገበሬዎች ማኅበር የበቆሎና የማዳበሪያ ሒሳብ የሚይዝበትን ፕሮግራም በየላፕቶፓቸው ኮምፓይል ያደርጋሉ እንበል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ገጠር ቀበሌ የሚደርሰው በፍላሽ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ቫይረስ ይሸከማል። ሁለቱ ያወጡት ፋይል እስከ መጨረሻዋ ባይት አንድ ከሆነ ሻ256 የተባለውን የፋይሉን መለያ በስልክ ተነባብበው እንዳልተነካካ ያረጋግጣሉ። በሰዓት ልዩነት ብቻ የሚለያይ ከሆነ ግን ማረጋገጫው ከንቱ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ የጂሲሲ ኮምፓይለሩና የላይብረሪዎቹ ቨርዥን አንድ ይሁን፤ ቨርዥኑንም ከኮዱ ጋር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ኮምፓይለሩን ግን ሁለታችሁም ከአንድ ፍላሽ አትቅዱ። ኬን ቶምሰን በ1984 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ኮምፓይለሩ ራሱ ከተበከለ ንጹሕ ኮድም ተበክሎ ይወጣል። «ማርች ኔቲቭ» የሚለውን ትእዛዝ አውጡት፤ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የተለየ ፋይል ይሠራል።

ደረጃ 2፦ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ሰዓት ነው። የዴትና የታይም ማክሮዎች ኮምፓይል የተደረገበትን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋሉ። በላፕቶፕ ፈንታ ዴስክቶፕ ከተጠቀማችሁና የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ማክሮዎቹን ከኮዱ ማውጣት ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ «ሶርስ ዴት ኢፖክ» የተባለውን ቫሪያብል ኮዱ ለመጨረሻ ጊዜ በተሻሻለበት ሰዓት ሙሉት፤ ጂሲሲ ከቨርዥን 7 ጀምሮ ያነበዋል። የሚሞላው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው የሰከንድ ብዛት ነው። ፋይሎቹ የሚጠቀለሉበት ዚፕ የአካባቢን ሰዓት ስለሚጽፍና ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ሁለቱንም ላፕቶፕ ዩቲሲ ላይ አድርጉ። የፋይሎቹንም ሰዓት ከመጠቅለላችሁ በፊት በዚያው የሶርስ ዴት ኢፖክ ሰከንድ አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ የፎልደሩ አድራሻ፣ የተጠቃሚው ስም ጭምር፣ በዲባግ መረጃው ውስጥ ይቀራል። ጂሲሲ ከቨርዥን 8 ጀምሮ ያለው «ፋይል ፕሪፊክስ ማፕ» በአንድ የጋራ አድራሻ ይተካዋል።

ደረጃ 4፦ አንዱ ላፕቶፕ በአማርኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ የፋይሎች ቅደም ተከተል ሊለያይ ይችላል። ሎኬሉን ሁለታችሁም «ሲ» አድርጉት፤ ለሊንከሩ የሚሰጡትንም ፋይሎች በስም ደርድሩ።

ደረጃ 5፦ ከመደዋወላችሁ በፊት በራሳችሁ ማሽን፣ በሌላ ፎልደርና በሌላ ቀን ደግማችሁ ሥሩት። ከተለያየ፣ ከዴቢያን ሰዎች ሥራ የወጣው ዲፎስኮፕ የተባለው ፕሮግራም የተለያየበትን ቦታ ያሳያል። ሲገጥም የሻ256ን 64 ፊደልና አኃዝ አራት አራት እያደረጋችሁ በስልክ ተነባበቡ። አንዲት ፊደል እንኳ ካልገጠመች ፍላሹን ለማንም አትስጡ።