እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም

እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅል፣ በአጥርና በዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ ተክል ነው። እኛ ተማሪዎች ስለ እንዶድ ከመጽሐፍ ተምረናል፤ እናንተ ግን ተክሉን ከኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ሳሙና በየገበያው ሳይዳረስ እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ፍሬውን ሳይቀላ ለቅመው፣ በፀሐይ አድርቀው ይወቅጡታል። በውኃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል።

ይህ የእናቶች ሙያ ለሳይንስ ትልቅ ነገር አስተማረ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶድ አረፋ ቢጨመርባቸው እነሱም ሞቱ።

የቀንድ አውጣ መሞት ምን ይጠቅመናል? ቢልሃርዚያ የያዘው ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው ትል በቀንድ አውጣ ሆድ ይራባል። ከዚያ ይወጣና ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሰውየው ሆዱን ያመዋል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ግን ትሉ የሚራባበት ቤት የለውም።

ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በአድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ ተሞከረ። በፊት ከ100 ትናንሽ ልጆች 50ዎቹ በሽታው ነበረባቸው፤ በኋላ ወደ 7 ወረደ።

«ቀንድ አውጣን ከገደለ የሆድ ትልንም ይገድላል» ብላችሁ ግን እንዶድ አትጠጡ። ከጥንት ጀምሮ ለኮሶ ትል የሚጠጡት አሉ። ጽንስ ለማስወረድ የሚጠጡትም አሉ። እንዶድ መርዝነት አለው። ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ ሲበዛም ይገድላል። በእፍኝ ተለክቶ ልኩ አይታወቅም። ሰው ሆድ ውስጥ ለገባ የቢልሃርዚያ ትል መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኪኒን ነው።

እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ከጤና ሠራተኛ ጋር ሳንመክር ወንዝ ውስጥ አንጨምረው። ከሁሉ በፊት ሽንት ቤት እንቆፍር። እንቁላሉ ወንዝ ካልገባ በሽታው መንገድ ያጣል።

ጥያቄዎች
1. የቢልሃርዚያ ትል የሚራባው የት ነው?
2. እንዶድ መጠጣት ለምን አደገኛ ሆነ?
3. በቀበሌያችን ልጆች የሚዋኙበት ውኃ ዳር ሽንት ቤት አለ? ተወያዩበት።