ጥልቀት የሚያሳይ የስላይድ መመልከቻ

አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሩ። ለምን እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁን? ሁለቱ ዓይኖቻችን 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ አንዱን ነገር ከየራሳቸው ቦታ ያዩታል። አእምሮአችንም ሁለቱን ምስሎች አገናዝቦ ቅርቡን ከሩቁ ይለያል። ይህን እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 በመስተዋት በተሠራ መሣሪያ አስረዳ። በ1849 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር በመስተዋቱ ፈንታ ሌንስ የተገጠመለት ትንሽ ሣጥን አቀረበ። እኛም የምንሠራው ይህን የመሰለውን ነው።

ፎቶግራፍ አነሣሥ፦ የማይንቀሳቀስ ነገር ምረጡ። አንድ ጊዜ ካነሣችሁ በኋላ ካሜራውን ሳታዘነብሉ 6.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ፈቀቅ አድርጋችሁ ድገሙት። በጣም ቅርብ የሆነው ነገር ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ «ግራ»፣ በሁለተኛው ላይ «ቀኝ» ብላችሁ ጻፉ።

ሣጥኑ፦ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት አጉሊ ሌንሶች ፈልጉ። በመስኮት ትይዩ ነጭ ወረቀት ለጥፋችሁ ሌንሱን አቅርቡ፣ አርቁ። የሩቅ ዛፍ ምስል ተዘቅዝቆ ጥርት ሲል ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ለኩ። በሌንሱና በስላይዱ መካከል የሚኖረው ርቀትም ይኸው ነው። ከካርቶን ሣጥን ሠርታችሁ ውስጡን ጥቁር ቀቡ። ሌንሶቹን በዓይኖቻችሁ ብሌኖች ርቀት ልክ ከፊት ግጠሙ፤ ስላይዶቹን በትይዩአቸው ከኋላ አቁሙ። የስላይዶቹ መካከል ለመካከል ርቀት ከብሌኖቻችሁ ርቀት አይብለጥ፤ ዓይኖቻችን ወደ ውጭ ተከፍተው ማየት አይችሉምና። ብርሃኑ እንዲስተካከል ከስላይዶቹ በስተኋላ ስስ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። አንዱ ዓይን የሌላውን ስላይድ እንዳያይም መካከሉን በካርቶን ክፈሉ። መመልከቻውን ወደ መስኮት ወይም ወደ መብራት እንጂ ፈጽሞ ወደ ፀሐይ አታቅኑት።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ሊፈርስ የነበረውን የአያቴን ቤት ለማሳየት ነበር። ታናሽ እኅቴ ተመልክታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ከወይራው ፊት መጥቶ ቆመ!» አለችኝ። «ዓይንሽ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። በኋላ ራሴ ሳይ ግን እውነቷን ነበር፤ ግራና ቀኙን አቀያይሬአለሁ። ይቅርታ ጠይቄአት አስተካከልኩ። አሁንም ራሴን አመመኝ። ስንለካው አንዱ ስላይድ ከሌላው ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። እርሱንም አቃናን።

ቤቱ ከፈረሰ በኋላ መመልከቻውን ለአያቴ ሰጠኋት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና በሩን ለመንካት እጇን ዘረጋች። አንድ ፎቶግራፍ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የምታደርግ አይመስለኝም።

እናንተም ነገ የማይገኝ ቤት ወይም ዛፍ በሰፈራችሁ ካለ ዛሬውኑ ሁለት ጊዜ አንሡት። ሠርታችሁ ስትጨርሱም በቅድሚያ ለሌላ ሰው አሳዩ፤ ስሕተት ቢነግራችሁ አትቆጡ።