«ሱፐርሲሊየስ»፦ ከቅንድብ የወጣ ቃል

በእንግሊዝኛ ንባባችን «ሱፐርሲሊየስ» የሚል ቅጽል አንዳንዴ ያጋጥመናል። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ «ትዕቢተኛ» ይለናል፤ እኛም በደብተራችን ጽፈን እናልፋለን። እስቲ ዛሬ ጠጋ ብለን እንየው።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ሱፐር» በላይ፣ «ሲሊየም» ደግሞ የዓይን ቆብ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «ሱፐርሲሊየም»፣ ማለትም ቅንድብ ይሆናሉ። ሰው ሲንቅ ቅንድቡን ሰቀል ያደርጋልና ሮማውያን ይህንኑ ቃል ለትዕቢትም ተጠቀሙበት። እንግሊዝኛ በ16ኛው መቶ ዓመት ቅጽሉን ወሰደው።

የእኛው «ትዕቢት» የወጣው «ዐብየ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ትልቅ ሆነ ማለት ነው። አንዱ ቋንቋ ትልቅነትን፣ ሌላው ፊትን አየ።

«ፕራውድ» ከሚለው ጋር ግን እንዳናምታታው። አባት በልጁ ውጤት ቢኮራ «ፕራውድ» ነው፤ ምን ነውር አለው? «ሱፐርሲሊየስ» የሚባለው ሌላውን ቁልቁል የሚያይ ነው፤ ምንጊዜም ነቀፋ ነው።

ታዲያ ይህ ለመምህር ምን ይረባዋል? ተማሪ «ሂ ጎዝ» ማለት ሲገባው «ሂ ጎ» ቢል፣ አፋችን ዝም ብሎ ቅንድባችን ሊናገር ይችላል። ልጁ ያቺን ካየ በማግስቱ እጁን አያወጣም። እጁን ካላወጣ ደግሞ ስሕተቱን በምን እናውቃለን? እንግዲህ ቃሉን ስናስተምር ፊታችንንም እንጠብቅ፤ አርመነው «በል ቀጥል» እንበለው።