ኮክን አዘጋጅቶ በጠርሙስ አሽጎ ስለ ማቆየት

ኮክ በሚበስልበት ወራት በደጋና በወይና ደጋ ከተሞቻችን ገበያ ፍሬው በቅርጫት ሞልቶ ይታያል። ነገር ግን ከዛፉ ከወረደ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ያልተበላው ይላላል፥ ይጠቁራል፥ ዝንብም ይወርሰዋል። ስለዚህ ፍሬውን በጠርሙስ አሽጎ ለማቆየት የሚፈልጉ የቤት እመቤቶች አሉ። አሳባቸው መልካም ነው። ሆኖም በሚገባ ያልታሸገ ምግብ ቤተሰብን የሚጎዳ መርዝ ሊሆን ስለሚችል፥ በዚህ ወር ትምህርታችን የሥራውን ሥርዓት ከነምክንያቱ እንገልጻለን።

ሀ፤ ምግብ የሚበላሽበት ምክንያት

ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሐዋስያን ናቸው። ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ ከድኖ በፈላ ውሀ ውስጥ በማቆየት ከብልሽት መጠበቅ እንደሚቻል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1810 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስታወቀ። ምክንያቱን ግን እርሱ ራሱ አላወቀም ነበር፤ በተሐዋስያን መሆኑን ሉዊ ፓስተር ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ አስረዳ።

ከነዚህም ተሐዋስያን መካከል እጅግ የሚያስፈራው ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ነው። ይህ ተሐዋስ በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ዘሩም ውሀ ሲፈላ አይሞትም። አየር በሌለበት በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሲያድግ መርዝ ያፈልቃል። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፤ ጥቂት መቅመስ እንኳ ሰውን ሊገድል ይችላል።

ለ፤ ኮክ በፈላ ውሀ ሊታሸግ የሚችልበት ምክንያት

ይህ ተሐዋስ በኮምጣጣ ምግብ ውስጥ ሊያድግ አይችልም። ወሰኑም በኮምጣጣነት መለኪያ (በፒ ኤች) 4.6 ሲሆን፥ ቍጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበልጣል። ሥጋው ቢጫ የሆነ ኮክ ከዚህ ወሰን በታች ስለ ሆነ በፈላ ውሀ ሊታሸግ ይችላል። ሥጋው ነጭ የሆነ ኮክ ግን ከወሰኑ በላይ ሊወጣ ስለሚችል ትኩሱን እንብላው እንጂ አናሽገው። እንደዚሁም ሥጋን፥ ጎመንን፥ ካሮትንና ባቄላን በዚህ ዘዴ ማሸግ ፈጽሞ አይገባም፤ እነርሱ ከፈላ ውሀ የበለጠ ሙቀት በሚሰጥ የእንፋሎት ግፊት ድስት እንጂ በሌላ አይታሸጉም።

ሐ፤ ስለ አገራችን ከፍታ

ውሀ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ወደ ላይ 300 ሜትር ያህል በወጣን ቍጥር ግን የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ውሀ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሀው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ጊዜውን ማስረዘም ግዴታ ነው። በቆላ ባሕር ዳርቻ 25 ደቂቃ የሚበቃው ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ፥ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለ አገር 40 ደቂቃ ያስፈልገዋል። በውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈውን ደቂቃ ከፍታውን ሳይመለከቱ የሚከተሉ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው።

መ፤ የሥራው ሥርዓት

1ኛ፤ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ለዚሁ ሥራ የተሠሩትን ወፍራም ጠርሙሶች አጥቦ በሙቅ ውሀ ውስጥ ማቆየት። አፉ የተሰነጠቀውን ጠርሙስ መተው፤ የሚያሽገው ክዳንም አዲስ ይሁን።

2ኛ፤ በስሎ ያልላላ፥ ያልተመታና ትል ያልገባበት ኮክ መምረጥ። ለአንድ ሊትር ጠርሙስ ከ1 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ፍሬ ይበቃል።

3ኛ፤ ፍሬውን አጥቦ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ በፈላ ውሀ ነክሮ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውሀ ማግባት፤ ልጣጩ ያለ ቢላዋ ይገፈፋል። ከዚያ ለሁለት ከፍሎ ፍሬውን ማውጣት፤ እንዳይጠቁርም የሎሚ ጭማቂ በተጨመረበት ቀዝቃዛ ውሀ ውስጥ ማድረግ። በፍሬው ውስጥ ያለው አስኳል በሆድ ውስጥ ሲያናይድ የተባለ መርዝ ስለሚያፈልቅ ልጆች ሰብረው እንዳይበሉት መጠበቅ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ በ1 ሊትር ውሀ 250 ግራም ስኳር አሟምቶ፥ ኮኩን በዚሁ ውስጥ አንድ ጊዜ ማፍላት። ስኳሩ ለጣዕምና ለመልክ ነው እንጂ በዚህ መጠን ምግቡን ከብልሽት አይጠብቅም።

5ኛ፤ ኮኩን ከነትኩሱ በጠርሙሱ መደርደር፥ የስኳሩን ውሀ መጨመር፥ ከአፉ በታች አንድ ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ባዶ መተው፤ በንጹሕ የእንጨት ማንኪያ እጀታ የአየሩን አረፋ ማስወጣት፤ አፉን ጠርጎ መክደን።

6ኛ፤ በድስቱ ግርጌ ርብራብ አድርጎ ጠርሙሶቹን በሙቅ ውሀ ውስጥ ማቆም። ውሀው ከክዳኑ በላይ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። ደቂቃው የሚቈጠረው ውሀው በሚገባ ከፈላ በኋላ ነው፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ባለ አገር ለአንድ ሊትር 40 ደቂቃ፥ ለግማሽ ሊትር 35 ደቂቃ ይሆናል። መፍላቱ በመካከል ቢቋረጥ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቈጠራል።

ሠ፤ ከታሸገ በኋላ

ጠርሙሶቹን አውጥቶ ሳይነኩ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማቀዝቀዝ ይገባል። ክዳኑ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ መታሸጉ ይታወቃል፤ ካልጎደጎደ ግን በማቀዝቀዣ አኑሮ በጥቂት ቀን ውስጥ መብላት ነው። የታሸገውን ቀን ጽፎበት፥ ብርሃን በሌለበት ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጦ በአንድ ዓመት ውስጥ መጨረስ ይሻላል።

ክዳኑ ያበጠውን፥ ሲከፈት የሚፈናጠረውን፥ የሻገተውን ወይም ሽታው የተለወጠውን መቅመስ ክልክል ነው፤ ለውሻም ለዶሮም አይሰጥም። የታሸገ ምግብ የበላ ሰው ነገር ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ቢታየው፥ ሽፋሽፍቱ ቢከብደው፥ መናገርና መዋጥ ቢያቅተው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ምን እንደበላም ለሐኪሙ ይነገር።

ከድካማችን አንጻር አንድ ጠርሙስ ኮክ መጣል ያሳዝናል፤ ነገር ግን ጉዳቱ የአንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ ከወጥ ቤታችን እንጀምር።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ፤ በከተማችሁ ውሀ በስንት ዲግሪ ይፈላል? መምህሩ ቴርሞሜትር ካለው በክፍል ውስጥ ያሳይ።
2ኛ፤ ነጭ ኮክ የማይታሸገው ስለ ምንድን ነው?
3ኛ፤ መልካም ሽታ ያለው የታሸገ ምግብ ሁሉ ደኅና ነው ለማለት ይቻላልን?